ለአጭር ልብ ወለድ የሂሳብ መደብ ይከፈትለት

ለጋዜጣና ለመጽሔት አዘጋጆች፣
ለሬዲዮ ጣቢያዎችና ለትረካ አቅራቢዎች፣
ለመጽሐፍ አሳታሚዎች፣
ለኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር፣
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለአጭር ልብ ወለድ የሂሳብ መደብ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ጽፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘብ የተቀበልኩት በአንድ መጽሔት ቢሮ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሂሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ነው። ብሩ 600 ነበር። ሂሳብ ሹሟ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ቫውቸሩን መሙላት ጀመሩና መሀል ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ።

«የኔ ልጅ፣ ምን ብዬ ልጻፈው?»

«አጭር ልብ ወለድ ይበሉት፣ እትዬ።»

«እሱማ መደብ የለውም።»

እንዳምናቸው መሰለኝ ዝርዝሩን ወደ እኔ አዞሩት። የሹፌር ውሎ አበል መደብ አለው። ነዳጅ መደብ አለው። ፎቶግራፍ፣ ጥገና፣ የማስታወቂያ ኮሚሽን፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ሁሉም በየቁጥራቸው ተሰልፈዋል። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና «ልዩ ልዩ ወጪ» ብለው ጻፉልኝ፤ ፈረምኩ። ስፈርም ዓይኔ ከመዝገቡ ላይ ከእኔ በላይና ከእኔ በታች ያሉትን መስመሮች አየ። ከላይ ስኳርና ሻይ ቅጠል ነው፤ ከታች መወልወያ። የአራት ወር ሥራዬ በሁለቱ መሀል ገባ።

ያን ዕለት ቅር አላለኝም። ደረጃውን እየሮጥኩ ወርጄ ለእናቴ አንድ ኪሎ ቡና ገዛሁላት። ከዓመታት በኋላ ግን ያቺ መስመር ከልቤ አልወጣ አለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

ስለራሴ ጥቂት ልበል። በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ማታ ማታ፣ የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ፣ አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 12 ታሪኮቼ በጋዜጣ፣ በመጽሔትና በሬዲዮ ወጥተዋል። የተከፈለኝ ለአንዱ ነው፤ ያው ለ600 ብሩ። በቀሩት 11 ፋንታ የተሰጠኝ መልስ ሦስት ዓይነት ነው፦ «ስም ትሠሪበታለሽ»፣ «ለጥበብ ብለሽ ነው» እና «ባጀት ሲኖር እናስብሻለን»። ሦስቱንም አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። ስሙንም በመጠኑ ሠርቻለሁ፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ዱቤ ሲጽፍብኝ «ደራሲዋ» ብሎ ነው።

በነፃ ከወጡት ስለ አንዷ ላውራችሁ። አልማዝ የምትባል ጉልት ቸርቻሪ አለች፤ ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ድምጿ የጠፋባት። ታሪኩን በሁለት ሳምንት ጻፍኩና ለአንድ ጋዜጣ ሰጠሁ። በሳምንቱ ወጣ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ አልተነካችም። «ለካ ይህን ያህል በስያለሁ» ብዬ ጋዜጣውን አምስት ገዛሁ። ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ መጣች፤ ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፋ ይዛዋለች።

«ቲቸር፣ አልማዝ የት ሄደች?»

«የት ትሄዳለች? ልጇን እየጠበቀች ነዋ።»

«አይ፣ እስከዚህ ድረስ አልማዝ ናት። ከዚህ በኋላ ግን አበባ ትባላለች።»

እውነቷን ነው። ስጽፍ መሀል ላይ የሴትዮዋን ስም ቀይሬ ነበር፤ የፊተኛውን ግማሽ ማስተካከል ረስቻለሁ። ታሪኩን የተቀበለው አዘጋጅ አላየውም። ገጹን ያቀነባበረው አላየውም። አራሚው አላየውም። ያየችው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ከእሷ በፊት ታሪኬን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

የ600 ብሩ ታሪክ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። አዘጋጁ ገንዘቡን ለማስፈቀድ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መግባት ነበረበት፤ «ምን አይተህ ነው የምንከፍለው?» ቢባል የሚመልሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ አነበበው። የመጀመሪያውን ገጽ ተኩል በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና ከሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ቀስት አሰመረ፤ «ታሪኩ የሚጀምረው ከዚህ ነው» ይላል። ከአንድ ንግግር ጎን «እንዲህ ብሎ የሚያወራ ደላላ አይቼ አላውቅም» ብሎ ጽፎበታል። ሁለት ሌሊት አኮረፍኩ። ከዚያ ወጥቼ መርካቶ አንድ ከሰዓት ሙሉ ደላሎች ሲከራከሩ ሰማሁ። ታሪኩን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ካወጣኋቸው 12 ውስጥ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳነበው የማላፍርበት እሱ ነው።

የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ክፍያ የምጠይቀው ለጸሐፊው ኪስ ብቻ ብዬ አይደለም፤ በ600 ብር የሚከብር እንደሌለ አውቃለሁ። ሰው ገንዘብ ያወጣበትን ነገር ያገላብጠዋል። ገበያ ላይ ሽንኩርት እንኳ የሚገዛ ሰው ይመርጣል፤ በነፃ የተሰጠው ግን ዘንቢሉን ከፍቶ «እዚህ ጣይው» ይላል። የእኛም ታሪኮች ዘንቢል ውስጥ የሚጣሉ ናቸው። ማስታወቂያ ሳይመጣ ሲቀር ይገባሉ፤ ማስታወቂያ ሲመጣ ይወጣሉ።

በነፃ የሚቀበል ደግሞ እምቢ አይልም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «ይህ ታሪክ አይሆንም፤ እዚህ ጋ ወድቋል» ብሎኝ አያውቅም። ወይ ይወጣል፣ ወይ ዝም ይባላል። «ደርሶናል፣ እንደውልልሻለን» ከተባልኩባቸው አንዱ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ስደውል «ማን ልበል?» እባላለሁ፤ ስሜን እናገራለሁ፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይመጣል። ጀማሪ ጸሐፊ እምቢታን የሚፈራ ይመስላችኋል። የሚፈራው ዝምታውን ነው። እምቢ የተባለ ታሪክ ነፃ ወጥቷል፤ አሻሽዬው ሌላ በር አንኳኳለሁ። ዝም የተባለ ታሪክ ግን ታጭታ እንደቀረች ልጃገረድ ነው፤ አልተዳረች፣ ለሌላም አትሰጥ።

ይህ ታሪክን በነፃ የመቀበል ነገር ከመቼ ጀመረ ብዬ ወደ ኋላ ስመለከት 1952 ዓ.ም ሁልጊዜ ትገርመኛለች። በዚያች ዓመት ታደሰ ሊበን ከ«መስከረም» ቀጥሎ ሁለተኛውን የአጭር ልብ ወለድ መድብሉን፣ «ሌላው መንገድ»ን፣ አወጣ። በዚያችው ዓመት ደራስያን ተሰባስበው ዛሬ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር የምንለውን መሠረቱ። በዚያችው ዓመት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም ደራሲና አሳታሚ ስለሚዋዋሉት ውል ራሱን የቻለ ክፍል ይዞ መጣ። ታሪኩ፣ ማኅበሩና ውሉ በአንድ ዓመት ተገናኝተው ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ፤ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያገኘ ጀማሪ ግን ከጓደኞቼ መሀል የለም።

የቀድሞዎቹ በአጭር ልብ ወለድ ክፍያ ይኖሩ ነበር ብዬ አላሞኛችሁም። በዓሉ ግርማ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርም «መነን»ንና «የካቲት»ን በመሳሰሉ መጽሔቶች ሠርቷል። እንጀራቸው ከዚያ ጠረጴዛ ነበር፤ በዚያው ጠረጴዛ ላይም ልብ ወለድ ይነበብ፣ ይታረም፣ ይወጣ ነበር። ያን ዘመን ግን አላሳምረውም። ልብ ወለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ከወጣ በኋላ በዓሉ ሥራውን አጣ፤ በ1976 ደብዛው ጠፋ። ሳንሱርን የሚናፍቅ ጸሐፊ ካለ ጤንነቱን እጠራጠራለሁ። የምለው ይህን ነው፦ ሳንሱር ሲነሳ ታሪክን ለመከልከል ብሎ የሚያነብ ሰው ሄደ፤ እሰይ። ለማሻሻል ብሎ የሚያነብ ሰው ግን በቦታው አልተተካም። ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ልምጣ።

አንድ ቀን ከሜክሲኮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ሬዲዮው ትረካ ያሰማል። ተራኪው ድምፁ የሚያምር ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ደሜ ቀጥ አለ፤ የእኔ ታሪክ ነው። ሚኒባሱ ጸጥ ብሏል። ረዳቱ እንኳ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ በሩን ተደግፎ ያዳምጣል። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ልደታ መውረጃቸውን አለፉና «ውይ ጉዴ፣ ወራጅ!» ብለው እየደነገጡ ተነሡ። ሰው ታሪኬን ሲሰማ መውረጃው ሲያልፈው ማየት! እንዲህ ያለ ምስጋና ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ከዚያ መጨረሻው ደረሰ፤ የመጨረሻው አንቀጽ ግን አልተነበበም። ቆርጠውታል። ሙዚቃ ገባ። ትረካውን ስፖንሰር ያደረገው ድርጅት ስም ሁለት ጊዜ ተጠራ። የተራኪው ስም ተጠራ። ድምፁን የቀረጸው ባለሙያ ስም ተጠራ። «ደራሲው ያልታወቀ» ተባለና ማስታወቂያ ቀጠለ። ያልታወቀችው ደራሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ረዳቱ «ሂሳብ» ሲላት፣ ከቦርሳዋ ዝርዝር ትፈልጋለች።

ጣቢያው ደውዬ ስጠይቅ «ከቴሌግራም ነው ያገኘነው» አሉኝ፤ ቴሌግራም የመንገድ ዳር ሾላ ይመስል። ፈልጌ አገኘሁት። ወደ ቻናሉ ያስገባው ሰው ስሜን ነቅሎ በቦታው የአበባ ሥዕል ለጥፎበታል። በዩቲዩብም በሌላ ሰው ድምፅ፣ በማስታወቂያ ታጅቦ ተተርኳል።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራለት፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽበት መብት ይሰጠዋል። የጥቅም መብቱ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። መብቱን ለሌላ ሲያስተላልፍ ደግሞ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው የለ? እንግዲህ 12 ታሪክ አውጥቼ የፈረምኩት ወረቀት አንድ ነው፤ ያቺ ቫውቸር። ለመጽሔቱ የሰጠሁት አንድ ጊዜ የማተም ፈቃድ ይሁን፣ ለዘላለም የማተም ይሁን፣ ለሬዲዮ የመስጠትም ይሁን፣ አትናገርም። ስኳር ገዝቶ የመጣው ልጅም የፈረመው እሷኑ የመሰለች ቫውቸር ላይ ነው።

«ታዲያ ለምን መጽሐፍ አታሳትሚም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሞክሬ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ለ180 ገጽ መድብል፣ ለ1000 ቅጂ፣ ማተሚያ ቤት የነገረኝ ዋጋ 150 ሺህ ብር ነው። ደመወዜ 10 ሺህ ብር ነበር፤ ሳልበላ ሳልጠጣ የ15 ወር መሆኑ ነው። አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ 40 በመቶ እንደሚወስድና የሚከፍለኝም ሲሸጥ እንደሆነ ነገረኝ። መጽሐፉን 300 ብር ብንለው የእኔ ድርሻ 180 ነው። 834ኛው ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ ዕዳ ውስጥ ነኝ። 1000ው ሁሉ ቢያልቅና አንድም ዱቤ ባይቀር 30 ሺህ ብር ይተርፈኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ረቂቁን ወደ መሳቢያው መለስኩት።

ሌላው መንገድ የጋራ መድብል ነው። 10 ወይም 15 ጀማሪዎች ገንዘብ አዋጥተን አንድ መጽሐፍ እናወጣለን፤ አስተባባሪውም ከመዋጮው ይቆርጣል። አንድ ጊዜ ገብቼበታለሁ። እዚያ ታሪክን የሚያስገባው መዋጮው ነው። የከፈለ አይቀርም፣ ያልከፈለ አይገባም፤ ገንዘቡ ከጸሐፊው ወደ አሳታሚው ይፈሳል። ዓባይ ወደ ጣና ተመልሶ ሲፈስ እንደማየት ነው።

ሽልማትስ? ሆሄን የመሰሉ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች መጀመራቸው ደግ ነው፤ እኔም እከታተላለሁ። የሚወዳደረው ግን ታትሞ የወጣ መጽሐፍ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ታሪክ ማንም አይሸልመውም።

ግጥም መድረክ አግኝቷል። «ግጥምን በጃዝ» የተባለው ዝግጅት በራስ ሆቴል ሲጀመር ሰው መግቢያ ከፍሎ ግጥም ሊሰማ ተሰለፈ። ታሪክ መፍጠር የሚችሉት ጓደኞቼ ደግሞ ወደ ተከታታይ ድራማ ሄዱ፤ በክፍል ይከፈላቸዋል፤ አልፈርድባቸውም። አጭር ልብ ወለድ ግን ለመድረክ ይረዝማል፣ ለመጽሐፍ ያጥራል። ቤቱ ጋዜጣ፣ መጽሔትና ሬዲዮ ነው። ቤቱ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ነው ደብዳቤው ወደ እናንተ የመጣው።

አንድ ታሪክ፣ መጽሐፍ ሳይሆን ብቻውን፣ ሩቅ መድረስ እንደሚችል አይተናል። አዲስ አበባ የተወለደችው ሜሮን ሀደሮ በ2013 ዓ.ም ለአፍሪካ አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ስታሸንፍ እኔም በመምህራን ማረፊያ ክፍል አጨብጭቤያለሁ። ሽልማቱ 10 ሺህ ፓውንድ ነበር። ያሸነፈችበት ታሪክ የሚነግረን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ለውድድሩ የሚቀርበውም በእንግሊዝኛ የታተመ ሥራ ነው። ከሽልማቱ በፊት ታሪኩን አንብቦ፣ መርጦ፣ ያወጣ መጽሔት እዚያ አሜሪካ ነበረ። የእኛን ሰፈር ልጅ ታሪክ በእኛው ቋንቋ መርጦ የሚያወጣ መጽሔት መፍጠር ሽልማቱን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚነበብበት ጠረጴዛ ይጠይቃል።

የምትመልሱልኝን አውቀዋለሁ። ወረቀት ተወዷል። ማስታወቂያ ቀንሷል። ብዙ መጽሔቶች ተዘግተዋል። እውነት ነው፤ የተዘጉትን ከእናንተ ባላነሰ አልቅሼላቸዋለሁ። ነገር ግን ወረቀት ሲወደድ ማተሚያ ቤቱን «ለጥበብ ብለህ አትምልን» ያለው የለም። ነዳጅ ሲጨምር ሹፌሩ «ስም ትሠራበታለህ» አልተባለም። ገንዘቡ ሲያንስ ለሁሉም ያንሳል፤ ዜሮ የሚሆነው ግን ለታሪኩ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩ መደብ የለውም። መደብ የሌለው ነገር አይቀነስበትም፣ አይጨመርበትም፣ በባጀት ስብሰባ ላይም ስሙ አይነሳም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

1ኛ፦ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጆች ሆይ፣ በገጻችሁ ጥግ ላይ ሦስት ቁጥሮች አትሙልን፤ ስንት ቃል፣ ስንት ብር፣ በስንት ቀን። ብሩ 500 ከሆነ 500 በሉ። የምታወጡት በሁለት ወር አንድ ታሪክ ከሆነ እሱን በሉ። መልሱ በ60 ቀን ካልመጣ ጸሐፊው ወደ ሌላ መውሰድ እንደሚችል ጻፉ። እምቢ ስትሉ አንድ መስመር ምክንያት ብትጨምሩበት ደግሞ ለእኛ ከብሩ አይተናነስም።

2ኛ፦ የሬዲዮና የትረካ አዘጋጆች ሆይ፣ ከመቅረጻችሁ በፊት ደራሲውን ፈልጉ፤ ስሙን መጀመሪያም መጨረሻም ጥሩ። ስፖንሰር ባለበት ትረካ ላይ ለተራኪው የምትከፍሉትን ያህል ለደራሲው ክፈሉ። ተራኪው ያነበበው ነገር ከሰማይ አልወረደለትም። ደራሲው ካልተገኘ ታሪኩን ተዉት፤ ፈቃድ የሰጡ ሕያዋን ጸሐፊዎች ሞልተዋል።

3ኛ፦ አሳታሚዎች ሆይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ ያለ መዋጮ የጀማሪዎች መድብል አውጡ። አርታኢ መድቡለት፤ ከመቶ ታሪክ ውስጥ አሥሩን ይምረጥ። ለአሥሩ በገጽ ክፈሉ። ያልተመረጡት 90ዎቹ ለምን እንዳልተመረጡ በሁለት ገጽ መግቢያ ላይ ቢጻፍ፣ ከብዙ የሥነ ጽሑፍ ሥልጠና ይበልጥ ያስተምራል።

4ኛ፦ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ሆይ፣ ባለ አንድ ገጽ ውል አዘጋጅልን። ምን ተሰጠ፣ ለስንት ጊዜ ተሰጠ፣ ስንት ተከፈለ፣ መቼ ተከፈለ፣ ስም የት ይጠራል፣ መብቱ መቼ ወደ ጸሐፊው ይመለሳል፤ ስድስት መስመር ይበቃዋል። በቀላል አማርኛ ይሁን፤ የሹፌርም የመምህርም ልጅ አንብቦ የሚፈርመው ይሁን። ከዚያ በታች መከፈል የሌለበትን ዝቅተኛ ዋጋም ከአዘጋጆች ጋር ተቀምጠህ ተደራደር። አባል ላልሆነ ጀማሪም ወረቀቱ ይሰጠው፤ አባል የሚሆነው ነገ ነውና።

የእኛም ነገር አለ፤ ሸፍኜው አላልፍም። አንድን ታሪክ በአንድ ቀን ለአምስት አዘጋጅ የምንልክ ነን፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ሲያወጡት የሚያፍረው አዘጋጁ ነው። የገጽ ቁጥር፣ ስምና ስልክ የሌለበት ረቂቅ እንሰጣለን። የተሰረዘ አንቀጽ ስናይ «ስሜቱን ገደልከው» ብለን እናኮርፋለን፤ እኔ ሁለት ሌሊት አኩርፌያለሁ። ታሪካችንን ካላወጣ በቀር መጽሔቱን ገዝተን የማናነብም አለን። እንዲከፈለን ስንጠይቅ እንደሚከፈለው ሰው መሥራትም ይጠበቅብናል፤ በቀኑ ማስረከብ፣ ሲታረም መስማት፣ አንዱን ለአንዱ ብቻ መስጠት። በዚህ በኩል የሚመጣውን ወቀሳ እቀበላለሁ።

ይህን ደብዳቤ አሁን ለምን እንደጻፍኩት ልንገራችሁና ላብቃ። ያቺ አልማዝን የፈለገችልኝ ተማሪዬ ዛሬ 12ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ወር በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ 11 ገጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ቆመች። አጎቷ ቤት ስላደገች ልጅ የሚተርክ ታሪክ ነው። «ቲቸር፣ የት ልላከው?» አለችኝ። ስም የምትሠሪበት ቦታ ልንገርሽ እንዳልል አፈርኩ። ያነቡልሻል ወይም እምቢ ይሉሻል የምልበት አንድም አድራሻ ስላልነበረኝ «ቆይ፣ እስቲ እኔ ላንብበው» ብዬ ወደ ቦርሳዬ አስገባሁት።

እናም ሂሳብ ክፍል ገብታችሁ አንድ መስመር እንድታስጨምሩልኝ እለምናለሁ። ከውሎ አበልና ከጥገና በታች ቢሆን ግድ የለኝም። ቁጥር ይኑረው፤ «አጭር ልብ ወለድ» ይባል። ሂሳብ ሹሟ የሚቀጥለው ልጅ ሲመጣ እስክሪብቷቸው መሀል ላይ እንዳይቆም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት የአማርኛ መምህርትና የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለሂሳብ ሹሟ፣ ሦስተኛ ፎቅ፦ ለመረጃ ያህል።
ለተማሪዬ፣ 12ኛ ክፍል፦ ታሪክሽን አንብቤዋለሁ። ገጽ 4 ላይ የአጎትየው ስም ተቀይሯል። አስተካክለሽ አምጪው።